የእርቁ ሙሽራ

እመት አልጣሽ ልጃቸው ለምን አዲስ አበባ እንደምትሄድ አልጠረጠሩም። ሙሽራ ናት፤ ልብስ ልትገዛ ነው። እንዲያውም እስከ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ድረስ ሸኟትና አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ እጇን ይዘው፣ "ነጠላውን እንዳትረሽ ያምሮቴ፤ ጥለቱ ደመቅ ያለ ይሁን" አሏት።

"እሽ እማዬ" አለች ያምሮት። ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ ዓባይ በረሃ ወርዶ ጎሃ ጽዮን እስኪወጣ ድረስ ቃል አልወጣትም። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ቆሎ ሲዘረጉላት አንገቷን ነቅንቃ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

የምትሄደው ባምላኩን ልታይ ነው። የላከላት መልእክት በስልኳ ላይ አለ፤ ደጋግማ ከማንበቧ ብዛት በቃሏ ይዛዋለች። "እርቁ ሊወርድ ነው አሉኝ። እሑድ ምሳ አብረን እንበላለን። እምቢ እንዳትይኝ" ይላል። ለሌላ ሴት ይህ ተራ የምሳ ግብዣ ነው። ለያምሮት ግን "አብረን እንበላለን" የሚለው ቃል ብቻውን ያስለቅሳል።

የተዋወቁት ባሕር ዳር ነው፤ እሷ ፋርማሲ፣ እሱ ኤሌክትሪክ ምህንድስና ሲማሩ። "የት አገር ነሽ?" ሲላት "ከቡሬ ወዲያ ገጠር" አለችው፤ እሱም ከቡሬ ወዲያ ገጠር ነው። በዚያ አገር ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው "የማን ልጅ ነህ?" ተባብሎ ነው። እነሱ ግን የአዲስ ዘመን ተማሪዎች ነን ብለው ይህን ጥያቄ መጨረሻ አደረጉት። ሽሮ ከአንድ ትሪ ሲበሉ፣ ሐይቁ ዳር ሲቀመጡ፣ ክረምቱ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ባምላኩ እንደ ቀልድ ጠየቃት።

"ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?"

"የገብረሰንበት። የገብረሰንበት አለሙ።"

ከተቀመጠበት ተነሳ። ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ፣ "እኔ የወንዳወቅ ልጅ ነኝ" አለ።

ከዚህ በላይ መናገር አላስፈለገም። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ድልድል የወንዳወቅ እርሻ ተቆርሶ ለገብረሰንበት ደርሶት ነበር። ሁለቱ ጎረቤታሞች በዚያች ቁራሽ መሬት ወሰን ሲነታረኩ ዓመታት አለፉ፤ በመጨረሻም አንድ የእህል አጨዳ ቀን ገብረሰንበት ተኮሰ። ወንዳወቅ እዚያው ማሳው ላይ ቀረ። ገብረሰንበት እስር ቤት ገባ። የወንዳወቅ ታላቅ ልጅ አዛናው የአባቱን ጠመንጃ አነሳ፤ ትንሹን ወንድሙን ባምላኩን ግን ወደ ትምህርት ቤት ሰደደው።

ያምሮትና ባምላኩ ያን ዕለት ተለያዩ። አልሆነላቸውም። አንድ ማለዳ ከሴቶች መኝታ ደጅ ቆሞ አገኘችው፤ ሁለቱም ጎን ለጎን መሄድ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ፍቅራቸው እንደ ተዳፈነ እሳት ከሰው ዓይን ተሰውሮ ኖረ። ነገር ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ባምላኩ ከእሷ ጋር እህል መቅመስ ተወ። አብሯት ይሄዳል፣ ያወራታል፣ ሲጠማት ውሃ ይገዛላታል፤ እሷ ስትጠጣ ቆሞ ያያታል እንጂ እሱ አፉን አያረጥብም። ደም ሳይደርቅ ከደመኛ ጋር እህል ውሃ አይባልም። ያምሮት ለምን ብላ አልጠየቀችውም። ልቡን ለእሷ ሰጥቶ፣ አፉን ለአባቱ እንዳስቀረ ገብቷታል።

እንግዲህ ገብረሰንበት በይቅርታ ከተፈታ ወዲህ ሽማግሌዎቹ ዓመት ሙሉ ሲመላለሱ ከርመው እርቁን ጨረሱ። ለባምላኩ በስልክ የነገሩት ይህን ብቻ ነው። የእርቁን ማሰሪያ ግን ያምሮት ናት የምታውቀው።

የነገሯት ቄስ ሃይለ ሚካኤል ናቸው። ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ፍኖተ ሰላም መድኃኒት ቤት እየሠራች ከተከራየችው ቤት ድረስ መጡ። "አናስገድድሽም ልጄ" አሏት፣ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። "ዘመኑም አይፈቅድ፣ ሃይማኖታችንም አይፈቅድ። ግን ጠመንጃው ያለው ከአዛናው እጅ ነው። እሱ ሚስት ሳያገባ፣ ጎጆ ሳይወጣ የኖረው በዚሁ ደም ነው። ደማችሁን በካሳ ብቻ መዝጋት አልቻልንም፤ በልጅ እንዝጋው፣ ለእሱ እንዳርሽ ብለናል።"

ያምሮት አፏን ከፍታ ነበር። "ልጅ መስጠት ከሆነ ለታናሹ ስጡኝ" ልትል ነበር። ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ ታያትና ዋጠችው፤ ታናሹን ከየት ታውቂዋለሽ? ከመቼ ጀምሮ? የአባቱ ደም ሳይደርቅ?

"ላስብበት አባ" አለችና በማግስቱ ወደ ገጠር ወረደች። ታላቅ ወንድሟን ደረሰን ያገኘችው በጠራራ ፀሐይ ቤት ውስጥ ነው። አባታቸው ከተፈታ ወዲህ ደረሰ ደጅ አይወጣም፤ የወጣ ቀን በአባቱ ፋንታ ይመታል። በግድግዳው ስንጥቅ የገዛ በሬዎቹን ሌላ ሰው ጠምዶ ሲያርስባቸው ያያል። ፊቱ ጓዳ እንደከረመ የድንች ጉንቁል ነጥቷል። "አይ ያ ቀዩ በሬ፣ ግራ ሲያስይዙት አይወድም ነበር" አላት፣ ሌላ የሚያወራው ስላልነበረው።

ያምሮት ተመልሳ ለቄስ ሃይለ ሚካኤል "እሽ" አለቻቸው።

እሑድ ዕለት ባምላኩ ቦሌ ከአንድ አዲስ ሕንፃ በር ላይ ሱፉን ለብሶ ጠበቃት። ደረጃውን ሲወጡ ከደስታው ብዛት ቃላቱ ይደናቀፉበታል። "የጣሊያን ምግብ ቤት ነው፤ ገና አልተከፈተም። የመብራቱን ሥራ የሠራሁት እኔ ነኝ። ባለቤቱ ክንፈሚካኤል ጣሊያን አገር ብዙ ዓመት በሼፍነት የሠራ ነው። ከመክፈቱ በፊት የሠራንለትን ሰዎች ልጋብዝ አለ። 'ከማን ጋር ትመጣለህ?' ሲለኝ..." አልጨረሰውም። ፈገግ አለ። ያምሮት ያንን ፈገግታ ስታይ እዚያው ደረጃው ላይ ልትነግረው አሰበች፤ ግን ተከትላው ወጣች።

አዳራሹ ግድግዳው መስታወት፣ ጠረጴዛው ነጭ ልብስ ነው። ከእነሱ ሌላ ጥቂት እንግዶች በየጥጉ በሹክሹክታ ያወራሉ። ክንፈሚካኤል ራሱ መጥቶ ጨበጣቸው። "እዚህ ቤት ምግብ ምረጡ አይባልም" አለ። "እኔ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ሰባት ጊዜ አቀርባለሁ። እናንተ ብቻ አትቸኩሉ፤ የዚህ ማዕድ ወጉ አለመቸኮል ነው።"

ያምሮት ይህን ስትሰማ እንደ ሌባ ደስ አላት። ሰባት ጊዜ እስኪቀርብ ድረስ ባምላኩ ደስ ብሎት ሊቆይ ይችላል።

የመጀመሪያው መጣ። ሳህኑ ሰፌድ ያህላል፤ መሃሉ ላይ ያለው ግን ቲማቲምና በሶብላ የተነሰነሰበት አንዲት ጉርሻ የምታህል የተጠበሰ ዳቦ ናት። ባምላኩ አየት አደረጋትና፣ "እናቴ ነፍሷን ይማረውና ይህን ብታይ፣ 'ቀማሹስ ቀመሰ፤ ምግቡ መቼ ነው የሚመጣው?' ትል ነበር" አለ። ያምሮት ሳታስበው ሳቀች። ከሳቀች ምን ያህል ጊዜዋ ነው!

ከዚያ ባምላኩ ፊቱ ተለወጠ። ዳቦዋን አነሳ፤ አማተበ። ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል ጎረሰ። ቀስ ብሎ አላመጠ፤ ዓይኑ ውሃ ሞላ። "ይኸው" አላት። "ከአንች ጋር በላሁ።"

ያምሮትም የራሷን ጎረሰች።

ሁለተኛው ዱባ የተሞላ ፓስታ ነበር፤ እንደ ትንሽ ትራስ የታሸገ። ባምላኩ እየበላ ያወራል። እርቁ እንደወረደ ሽማግሌ እልካለሁ አለ። "ቄስ ሃይለ ሚካኤልን ራሳቸውን ነው የምልከው። እርቅ የጀመሩ ሰው ሰርግም ይጨርሱ እንጂ! ጋሼ አዛናው መጀመሪያ ቅር ይለው ይሆናል፤ ሲያይሽ ግን ይወድሻል። አታውቂውም አንች። ልቡ እንደ ሕፃን ነው።"

ሦስተኛው በቅቤና በአይብ የተሠራ ቢጫ ሩዝ ነው። የያምሮት ሹካ ሩዙን ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል። አስተናጋጁ ሳህኑን ሊያነሳ መጥቶ፣ እንዳልተነካ ሲያይ ተመለሰ። ባምላኩም አየ።

"ምግቡ አልተስማማሽም?"

"ይጥማል።"

"ታዲያ እኔ ነኛ ያልተስማማሁሽ።" ሳቅ ሊያደርገው ሞክሮ አልሆነለትም። "ያምሮት፣ ስበላ ስታይኝ ደስ የሚልሽ መስሎኝ ነበር። ከመጣሽ ጀምሮ ግን ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠች ሴት ሆነሻል። ልብሽ ተመልሶ ከሆነ ንገሪኝ። እኔ ይህን ቀን ስጠብቅ አንች ሰልችተሽ ከሆነ..."

"ኧረ በማርያም! እንዲህ አትበለኝ።" ሹካዋን አስቀመጠች። "ባምላኩ፣ እርቁ በምን እንደሚታሰር ነግረውሃል?"

"በመሐላ ነዋ። በካሳ።"

"በጋብቻም ነው። ከእኛ ቤት ሴት ልጅ ለእናንተ ትሰጣለች።" የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ አጠፈች። "ከእኛ ቤት ደግሞ ከእኔ ሌላ ሴት ልጅ የለችም።"

የባምላኩ ፊት በራ። ያምሮት ዕድሜ ልኳን የማትረሳው ይህን ነው፤ ፊቱ እንደ ፋሲካ ጧፍ ቦግ አለ። "ለእኔ?" አላት፣ እጁን ወደ እጇ እየሰደደ። "ያምሮት... ለእኔ?"

ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። "ለጋሽ አዛናው።"

አስተናጋጁ አራተኛውን ይዞ ደረሰ። ዓሣው በሎሚና በወይራ ዘይት መሠራቱን በትሕትና አስረዳቸው። ሁለቱም ለፎቶግራፍ እንደተቀመጠ ሰው ደርቀው አዳመጡት። ሲሄድ ባምላኩ በጠረጴዛው ላይ አዘነበለ።

"ሕግ አለ። ሴቶች ጉዳይ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ። ማንም ሊያስገድድሽ አይችልም።"

"ማን አስገደደኝ? ጠየቁኝ። እሽ አልኩ።"

"እሽ አልሽ?"

"ደረሰን አላየኸውም ባምላኩ። በገዛ ቤቱ ታስሮ፣ በሬዎቹን በስንጥቅ እያየ ነው። እምቢ ባልኩ ማግስት በሬሳው ላይ ነው የምቀመጠው። ከዚያስ? ጋሽ አዛናው ይታሰራል፣ የእኛ ዘመዶች አንተን ይፈልጋሉ።"

"እኔስ? የእኔስ ነገር?"

"አንተ በፀሐይ ትሄዳለህ" አለችው። "በፀሐይ እየሄድክ ልይህ።"

ባምላኩ ስልኩን አወጣ። "ለጋሼ እነግረዋለሁ። አሁኑኑ። እውነቱን እነግረዋለሁ፤ የመጣው ይምጣ።" ያምሮት አልከለከለችውም። ዓይኗን ጨፍና በልቧ "ንገረው" አለች፤ ያን ጊዜ ብቻ፣ ለአንዲት አፍታ፣ ደረሰንም አባቷንም ረሳች።

የአዛናው ድምፅ ከስልኩ አልፎ ለእሷም ይሰማ ነበር። የገጠር ሰው ስልክ ሲያነሳ ከተራራ ተራራ እንደሚጣራ ነው።

"አሎ! ባምላኩ? ወንድምዓለም! አንተን ሳስብ ደወልክ።"

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርህ..."

"ቆይ እኔ ልንገርህ፤ አፍሬ ነው እስካሁን የደበቅሁህ። ላገባ ነው! ትስቅ ይሆናል፣ በዚህ ዕድሜዬ።" የሳቀው ግን ራሱ ነው። "የገብረሰንበትን ልጅ ነው። አውቃለሁ፣ ደምህ ይፈላል። እኔም እምቢ ብየ ነበር። ኋላ ፍኖተ ሰላም ለወገቤ መድኃኒት ልገዛ ገባሁ። ሻጪዋ ልጅ ወረቀቱን ማንበብ እንዳልቻልኩ አየች። አልሳቀችብኝ፣ አልተቆጣችኝ፤ ደግማ ደጋግማ አስረዳችኝ። ኸወጣሁ በኋላ ነው ማን እንደሆነች የሰማሁ። እሷ እኔን አላወቀችኝም። ይችን ልጅ ኸሆነስ፣ አልኩ።" ድምፁ ወረደ። "ባምላኩ፣ ደኅና እንቅልፍ የተኛሁት አባባ ሳይሞት ነው። ጠመንጃ ታቅፎ የሚያድር ሰው፣ ሰው አይደለም። ኸንግዲህ ሰው ልሆን ነው። አንተስ ምን ልትለኝ ነበር?"

ባምላኩ ያምሮትን አያት። እሷም አየችው። ወንድሙ ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደገው፣ እሱ እንዲማር ራሱ ሳይማር የቀረ፣ አባትም እናትም የሆነው ወንድሙ በስልኩ ውስጥ ይተነፍሳል።

"እንኳን ደስ ያለህ፣ ጋሼ" አለ።

"ትመጣለህ አይደል? ያለ አንተ አልምልም።"

"እመጣለሁ።"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ያምሮት ያንን ወገቡን የሚያመውን ሰው አስታወሰችው፤ ትልቅ፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ወረቀቱን ገልብጦ የያዘ፣ ሲሄድ ሦስቴ እጅ የነሳት። እሱ ነው እንዴ? ስታስበው የኖረችው አዛናው ዓይኑ ደም የለበሰ አውሬ ነበር።

"መንገር አልቻልኩም" አለ ባምላኩ ከእጁ ሥር። "ፈሪ በይኝ።"

"አልልህም። ብትነግረው ኖሮ፣ ነገ ራስህን ትጠላ ነበር። ኋላም እኔን።"

ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ዓሣው ቀዝቅዟል። አስተናጋጁ ፈራ ተባ እያለ ቀረበ። "ምግቡ ላይ ችግር አለ?"

"የለም ወንድሜ" አለች ያምሮት። "ከዚህ በኋላ ያለውን ለሁለታችን በአንድ ሳህን አድርጉልን።"

አስተናጋጁ ግራ ተጋብቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ቀጥሎ የመጣው ክንፈሚካኤል ራሱ ነው። በቀይ ወይን ቀስ ብሎ ሲበስል የዋለውን የበሬ ሥጋ በአንድ ሰፊ ሳህን ይዞ መሃላቸው አኖረው። የባምላኩን ዓይን አየና፣ "ጣሊያኖችም ቤታቸው ሲሆኑ እንዲህ ነው የሚበሉት" ብሎ ሄደ። ደግነቱን አወቁ እንጂ እውነት ይሁን አይሁን አላወቁም።

ሥጋውን በሉ። አይቡን በሉ። የመጨረሻውን ጣፋጭም በሉ፣ በአንድ ሳህን፣ እጃቸው እየተነካካ። ሁለቱም እንደተባለው አልቸኮሉም። ባምላኩ የመጨረሻውን ቁራሽ በሹካው አንስቶ አጎረሳት፤ ከአፏ ሲወጣ ሹካው ጥርሷን ነካ፣ ሁለቱም ደነገጡ። ሁሉም እንግዳ ሄዶ አዳራሹ ባዶ ሆኖ ነበር።

"ከእንግዲህ ምን ብየ ነው የምጠራህ?" አለችው ነጠላዋን እያጣፋች። ከዚያ መልሱን ራሷ አገኘችው። "ዋርሳዬ ነህ።"

ባምላኩ ቃሉ የባል ወንድም ማለት መሆኑን ከልጅነቱ ያውቃል፤ እንደዚህ የሚያምም ቃል መሆኑን ግን እስከዚያች ቀን አያውቅም ነበር።

እርቁ የወረደው ግንቦት ላይ፣ ከቡሬ ወዲያ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው ሜዳ ነው። ገብረሰንበት ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ በጉልበቱ መጣ። አዛናው ቆሞ አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሳለት፤ ጠመንጃውንም ከቄስ ሃይለ ሚካኤል እግር ሥር አኖረ። እልልታው ሜዳውን ሞላው። ደረሰ ከሰው መሃል ቆሞ በፀሐዩ ብርሃን ዓይኑን ያሻል፤ እመት አልጣሽ እጁን ይዘው እየዳሰሱ ያለቅሳሉ። ያምሮት ይህን ስታይ "እሽ" ያለችበት ቀን አልቆጫትም። ያመማት ግን አልቀነሰም።

ከመሐላው በኋላ ማዕድ ቀረበ። የሁለቱ ቤት ሰዎች ተቀላቅለው ተቀመጡ። እንግዳ የሚያስታጥበው የሟች ታናሽ ልጅ ነው ተባለና ባምላኩ ማንቆርቆሪያ ይዞ ከሽማግሌዎቹ ጀምሮ ይዞር ገባ። ያምሮት አንገቷን ደፍታ ሲቀርብ ጫማውን አየች።

"ታጠቢ እንጂ ልጄ" አሉ እመት አልጣሽ። "ዋርሳሽ ነው፤ አትፈሪ።"

እጆቿን ዘረጋች። ውሃው ወረደባቸው። እጇ ከታጠበም በኋላ ባምላኩ ማንቆርቆሪያውን አላቃናም፤ እሷም እጇን አልሰበሰበችም። ቀና ብላ አየችው። ከስቷል። ዓይኑ ደረቅ ነው፤ ያለቀሰው ሌላ ቦታ ነው። ውሃው አለቀ፤ ባዶው ማንቆርቆሪያ ለአፍታ እንደተደፋ ቆየ። "ይበቃል ወንድም" አለ አንድ ሰው ከኋላ፤ ሰዎች ሳቁ። ባምላኩም ፈገግ ብሎ ቀጣዩን እንግዳ ሊያስታጥብ ውሃ ሊቀዳ ሄደ።

የያምሮት እንባ ያን ጊዜ ወረደ። ሴቶቹ አዩና፣ "ደስታ ነው! ደም የደረቀበት ደስታ ነው!" ብለው እልል አሉላት።

አዛናው ግን ደስታ ነው አላለም። ከጎኗ ተቀምጦ ሰው ሳይሰማ ጎንበስ አለ። ትልልቅ እጆቹን የት እንደሚያኖራቸው አያውቅም።

"ስታለቅሽ አየሁሽ" አላት። "ብትፈሪኝ አልፈርድብሽም። ጊዜ አለን። እስክትለምጅኝ ድረስ እኔ ከመደብ እተኛለሁ፤ አልነካሽም። ሥራሽንም አትተይ። ፍኖተ ሰላም እየተመላለስሽ ብትሠሪ ደስ ይለኛል።"

ያምሮት ለክፉ ባል የሚሆን ትዕግሥት ሰንቃ ነበር የመጣችው። በልቧ ጥላቻ አዘጋጅታ ነበር፤ ሲከፋት የምትደገፈው፣ ሌሊት የምታለቅስበት ምክንያት ሊሆናት። ይህ ሰው ግን ገና ሳይጀምሩ ጥላቻዋን ነጠቃት። ለደግ ባል የሚሆን ልብ ደግሞ አልነበራትም፤ እሱን ሰጥታ ጨርሳዋለች።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለችው። ቀና ብላ ልታየው ፈለገች፤ ደግነቱን ግን መቋቋም ስላልቻለች ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።